ሞተሩ የሚተነፍስበት ቦታ

«ቾኩ ነው አሉ።»

«የቱ ቾክ?»

«የሞተሩ ነዋ! ነክሶ ይዞ አልለቅም አለው። ሞተሩ ጠፋበት። በዚያ የእሳት ፀሐይ ያን የሚያክል ብረት እየገፋ እንዴት ይችለዋል? ልቡ ቀጥ አለች። ለመሆኑ ማን እንደ ሠራለት ታውቃለህ?»

«ማን ሠራለት?»

«ወንድሙ ነዋ፤ ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል!»

ሁለቱ ለቅሶ ደራሾች ከድንኳኑ ጥግ ጎን ለጎን ተቀምጠው ንፍሮ እየቆረጠሙ ነበር። በሹክሹክታ የሚያወሩ መስሏቸዋል። ከሸራው ማዶ የዕድሩን አግዳሚዎች ይደረድር የነበረው ወንዶሰን ግን እያንዳንዷን ቃል ሰማ። የያዘውን አግዳሚ እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው በዝግታ መሬት ላይ አኖረው።

ወሬው ለእሱ አዲስ አልነበረም። ታላቅ ወንድሙ አምሀ ከተቀበረበት ሰዓት አንሥቶ ይኸው ጥያቄ በገዛ ደረቱ ውስጥ እንደ ታሰረ አውሬ ሲንጎራደድ ሰንብቷል። አዲስ የሆነበት ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ መስማቱ ብቻ ነው።

አምሀ ወልደሥላሴ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ከኋላው ጭኖ፣ ከሊበን ቆላ እስከ አሬሮ ጉድጓዶች ሲመላለስ ጎልማሳነቱን በሞተር ሳይክል ወንበር ላይ የጨረሰ ሰው። የሞተውም ከአሬሮ ሲመለስ በመንገድ ነው። የከብት ጭነት የሚያመላልሰው ሾፌር አብዱላሂ ከአንዲት ግራር ሥር፣ ራሱን በክንዱ ላይ አሳርፎ አገኘው። የተኛ መስሎት ከሩቅ ጥሩምባ ነፋለት፤ አልተነሣም። ሞተሩ ከአጠገቡ ጌታውን እንደሚጠብቅ በቅሎ ቆሟል። አብዱላሂ ሬሳውንም ሞተሩንም በአንድ አይሱዙ ጭኖ ነጌሌ ገባ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። የከተማው ሰው ግን ልብ እንዲያው ከመሬት ተነሥቶ ቆመ ሲባል አይዋጥለትም። ምክንያት ፈለገ፤ ምክንያቱም ከግቢው ጓሮ ሸራ ለብሶ ቆሞለት ነበር።

ወንዶሰን ከአውቶቡስ መናኸሪያው በላይ ጋራዥ አለው። አምሀ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አሬሮ ከመውረዱ በፊት ሞተሩን የነካው እሱ ነው። የቾኩን ሞላ ለውጦለታል። አዲስ ሞላ ስላልነበረው ከአንድ አሮጌ ሞተር አውልቆ፣ በፒንሳ አሳጥሮ ነበር የገጠመለት። ያቺ የጥፍር ጫፍ የማታክል የሽቦ ጥቅል ከቦታዋ ተንሸራትታ ቾኩን ቆልፋበት ቢሆንስ? የወንድሙ ሞት ከገዛ መዳፉ ወጥቶ ቢሆንስ? ወንዶሰን የዓለሙን ክብደት እንዲህ ባለች ኢምንት ብረት ላይ ተንጠልጥሎ አይቶት አያውቅም። በዛብሽ፣ የአምሀ ሚስት፣ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችውም። ፊቷን ግን ወደ እሱ አላዞረችም። ሲገባ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ታወርዳለች፤ ሲወጣ ከፍ ታደርገዋለች። ከስድብ ይልቅ ይህ ይከብዳል።

«ጋሼ።»

ዞር ሲል ሄራን ቆማለች። የአምሀ ልጅ ናት፤ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ለቀብሩ የደረሰችው በመጨረሻዋ ሰዓት ነበር። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን ደረቅ ነው።

«ወዬ፣ የኔ ልጅ።»

«የሚያወሩትን ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

«እማዬም ሰምታለች። ክፈተው።»

«ምኑን?»

«ሞተሩን። እኔ እያየሁ ክፈተው፤ ዛሬውኑ።»

«በሰልስቱ ቀን ካቻቢቴ ይዤ ጓሮ ልግባ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው የሚለውን ብሎ ጨርሷል፣ ጋሼ።»

ወንዶሰን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ ሆኜ ብገኝስ?» አለ።

«ከሆንክም አንተ ነህ። ሳላውቀው ከቀረሁ ግን ዕድሜዬን ሙሉ፣ አንተን ባየሁ ቁጥር፣ አባባ በፀሐይ ሞተር ሲገፋ ነው የሚታየኝ።»

ወደ ጓሮ ሄዱ። ወንዶሰን ሸራውን ሲገልጠው የቆላው ቀይ አቧራ ቡን ብሎ ተነሥቶ በመካከላቸው ተንሳፈፈ። የወንበሩ ቆዳ የተቀማጩን ቅርጽ እንደ ያዘ ነበር። ከመሪው በስተግራ ያለው መያዣ ከቀኙ ይልቅ አልቋል። ሰው ሲሞት ዕቃው ሁሉ ስለ እሱ የሚያውቀውን በአንድ ጊዜ መናገር የሚጀምር ይመስላል፤ አድማጩ ግን ከየቱ እንደሚጀምር አያውቅም።

ወንድሙን ያየበት የመጨረሻው ቀን በወንዶሰን ዓይን ላይ መጣ። አምሀ ሞተሩን ከጋራዡ ደጅ አቁሞ፣ ቆቡን እንኳን ሳያወልቅ፣ «ወንዶ፣ ቾኩ ያዝ እያደረገ አስቸግሮኛል። ሞላዋ ደክማ ይሆናል፤ ለውጥልኝ» ብሎት ነበር።

«ሞላ ምን ይፈይዳል? ካርቡራተሩን ላውርደውና አንዴ ሆዱን ልጠበው እንጂ።»

«ውስጡን ተወው።»

«ለምን እተወዋለሁ?»

«ተወው አልኩህ። የውስጡን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«አንተ የላም ሐኪም! ካርቡራተር ከመቼ ወዲህ ነው ያወቅኸው?»

አምሀ ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ይነቃነቃል እንጂ ድምፁ አይሰማም። «ያው ጉሮሮ አይደል? እኔ ስንት ጉሮሮ አይቻለሁ!»

ወንዶሰን ቅር ብሎት ነበር። በሙያው ያልታመነ መሰለው። ስለ ወንድሙ ብዙ ነገር ቅር ይለው ነበር። ያቤሎ የቢሮ ኃላፊነት ቢሰጡት አምሀ አልቀበልም አለ። እኩዮቹ ቤት ሲሠሩ እሱ ጎማ ይለጥፋል። ወንዶሰን ይህን ሁሉ የመንፈስ ድህነት ብሎ ነበር የሚጠራው፤ ለበዛብሽም አንድ ሁለት ጊዜ ሳይነግራት አልቀረም።

ሄራን የመፍቻ ጥቅሉን ዘረጋችለት። ወንዶሰን ሥራውን ለማንም ደንበኛ እንደሚጀምረው ጀመረ፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ። የቤንዚኑን ቱቦ ነቀለ፤ ቤንዚኑ በጣሳው ላይ ጠብ ጠብ አለ።

«ቤንዚን አላለቀበትም» አለ።

እሳቱን የምትለኩሰውን ካንዴላ ፈታ። ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ወጣ። ጠርጎ ከሞተሩ ራስ ጋር አስነካውና የእግር ማስነሻውን ረገጠ። ሰማያዊ ብልጭታ ቦግ ቦግ ብላ ጠፋች።

«እሳትም አለው።»

«ታዲያ ምን ጎደለው?»

«አየር።» ወንዶሰን ቤንዚንና አየር ከሚቀላቀሉበት ከካርቡራተሩ አፍ አጠገብ በጣቱ አሳያት። «እዚህ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክዳን አለች፤ ቾክ የምንለው እሷን ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲበርደው አየሩን ትዘጊበታለሽ፤ ቤንዚኑ ይበዛለትና ቶሎ ይነሣል። ሲሞቅ መልሰሽ ትከፍችለታለሽ። ካልተከፈተች የገዛ ቤንዚኑ ያሰጥመዋል። ይኼ ካንዴላ የሰጠመ ሞተር ካንዴላ ነው።»

የቾኩ እጀታ ከጎን በኩል ብቅ ያለች የቆርቆሮ ምላስ ናት። ወደ ታች ገፋት፤ ንቅንቅ አላለችም። ጎንበስ ብሎ በደንብ ሲያያት ጫፏ ታጥፏል፤ ቀለሟም ተልጦ ብረቷ አብረቅርቋል። በድንጋይ ተመትታለች።

ሄራን አመልካች ጣቷን ዘርግታ የታጠፈችውን ጫፍ ነካች። «አባባ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ታግሏል ማለት ነው።»

ወንዶሰን የካርቡራተሩን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ። አሁን ይለያል። ከወዲያኛው ጎን ሞላዋ ተንሸራትታ ከተገኘች፣ ይህን ግቢ ዳግመኛ የሚረግጥበት እግር አይኖረውም። ካርቡራተሩን አወረደ። ወደ ብርሃን አዞረው።

ሞላዋ ከተቀመጠችበት ቦታ አልተነቃነቀችም። ከነጥቅሏ፣ ከነመንጠቆዋ፣ ልክ እሱ እንዳኖራት አርፋ ተቀምጣለች።

መሬት ላይ ቁጭ አለ። ደስ አለው። ወንድሙ ሞቶ ሳለ ደስ ስላለው ደግሞ አፈረ። ሁለቱ ስሜቶች በአንድ ጉሮሮ ሊወጡ ሲጋፉ ሳል ሆኑበት።

«አንተ አይደለህም» አለች ሄራን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ረጠበ።

«እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ያዛት?»

ወንዶሰን ክዳኗ የምትዞርበትን ቀጭን ዘንግ ተመለከተ። ዘንጉ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ቀዳዳ ዙሪያ የሆነ ነገር ተጋግሯል። ከላይ ቢጫ፣ ዝቅ ሲል ቡናማ፣ ከሥሩ እንደ ሬንጅ የጠቆረ። በየመሐሉ የቀይ አቧራ መስመር አለው፤ ጎርፍ እየመጣ እየሄደ ከወንዝ ዳር እንደሚተወው ደለል፣ ድርብ በድርብ ሆኖ። ግሪስ መሰለው። በጣቱ ቆንጥሮ ወደ አፍንጫው አቀረበ፤ ግሪስ አይደለም። ለሄራን ዘረጋላት።

አሸተተችና ቀና ብላ አየችው። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ቅቤ ነው!»

«ቅቤ?»

«የላም ቅቤ። ከላይ ያለው ገና አልበሰበሰም።»

ያን ጊዜ ወንዶሰን የረሳው አንድ ቀን ከነሙሉ ብርሃኑ ተመለሰበት። ዝናቡ በቀረበት ዓመት፣ ሥራ ጠፍቶ ጋራዡን በዘጋበት ሰሞን፣ አምሀ «ና አየር ትቀይራለህ» ብሎ ከኋላው አፈናጦ ወደ አሬሮ ወስዶት ነበር። ከጉድጓዱ ሳይደርሱ ገና ከሩቅ ከብቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀና አሉ። ወንዶሰን ይህን አይቶ ገርሞት ነበር፤ የሞተሩን ድምፅ ያውቁታል ማለት ነው። ጉድጓዱ ወደ ምድር ሆድ የሚወርድ ጨለማ ነው። ሰዎች አንዱ ከሌላው በላይ እንደ መሰላል ቆመው፣ የቆዳውን መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ እየወረወሩ፣ እየዘፈኑ ውሃውን ከጥልቁ ያወጡት ነበር። ዘፈኑ ከመሬት ውስጥ ስለሚመጣ የምድሪቱ የራሷ ድምፅ ይመስላል። አምሀ ከከብቶቹ መሐል ገብቶ ክንዱ እስኪዝል ከተበ። ከሲታዎቹ ላሞች ጆሯቸውን ጥለው ሲቀርቡት፣ እያንዳንዷን በስሟ እየጠራ በቦራንኛ ያነጋግራት ነበር።

ሊመሽ ሲል፣ ለመመለስ ሲሰናዱ፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ ከሞተሩ ጎን ጎንበስ ብለው አየ። አምሀ ቆቡን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቅዳሴ ላይ እንዳለ ሰው ፀጥ ብሎ ቆሟል።

«ሽማግሌው ሞተሩን ምን እያደረጉት ነው?» ብሎ ጠይቆት ነበር ወንዶሰን።

«ሰላም እያሉት ነው» አለው አምሀ።

ጉብታውን ተሻግረው ሰፈሩ ከዓይን እንደ ተሰወረ አምሀ ሞተሩን አቆመ። ሽንት ሊሸና መስሎት ወንዶሰን ፊቱን አዞረ። አምሀ ግን ከሞተሩ ጎን ተንበርክኮ ብዙ ቆየ። ሲነሣ ጣቶቹን በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

«ወንበሩን አንሺው» አለ ወንዶሰን ለሄራን፤ ድምፁ የራሱ አልመስልህ አለው።

ከወንበሩ ሥር፣ ከጎማ መለጠፊያው ጋር፣ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ነበር። መሐረቡ ቅቤ ጠጥቶ እንደ ቆዳ ደርቋል። ሲፈታው የብስክሌት ጎማ ሽቦ ወጣ፤ ጫፉ በሞረድ ተስሎ መርፌ ሆኗል። ወንዶሰን ጫፉን ከቾኩ ዘንግ ቀዳዳ ጋር አስተያየው፤ ልክክ አለ።

«ያውቅ ነበር» አለ። «ቅቤው ቾኩን እንደሚያስይዝበት ያውቅ ነበር። ያ ሽማግሌ እየቀቡለት፣ እሱ ደግሞ ከዓይናቸው ሲርቅ እየፋቀ፣ ስንት ዓመት! ለዚህ ነው ውስጡን አትንካ ያለኝ። እንዳላይበት። አይቼ እንዳልስቅባቸው።»

«አትቀቡት ቢላቸው ምን ነበረበት?»

«ምርቃት ነው፣ ሄራን። ቅቤ ሲቀቡሽ መመረቃቸው ነው። ምርቃትን በቃኝ ብለሽ የምትመልሺው በምን አፍሽ ነው?»

ሄራን ሽቦውን ከእጁ ወስዳ ወደ ፀሐይ አነሣችው። ጫፉ ላይ ቢጫ ነገር ተጣብቋል፤ አዲስ ነው፤ ከዘንጉ ላይ ካለው ከላይኛው ድርብ ጋር አንድ ዓይነት። አንድ ነገር ሊገባት ሲል ፊቷ ቀስ በቀስ ሲለወጥ ወንዶሰን አየ።

«ከግራሩ ሥር ሲፍቅ ነበር» አለች። «ሲፍቅ ነው ልቡ… ግን ጋሼ፣ ሽቦው መሬት ላይ አልተገኘም። ተጠቅልሎ ወንበር ሥር ነው ያለው። ወንበሩም ተዘግቷል።»

ነገሩ በወንዶሰን ፊት ተራራ ሆኖ ቆመ። ደረቱ የተያዘ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው፣ ውሃ ከመጠጣቱ በፊት፣ ወደ ጥላው ከመዞሩ በፊት፣ ሽቦውን በመሐረብ ጠቅልሎ፣ ከቦታው መልሶ፣ ወንበሩን ከድኗል። ከዚያ በኋላ ነው የተጋደመው። ሲሞት እንኳን የሽማግሌው ቅቤ ስሙ በክፉ እንዳይነሣ ሸሽጎ ሞተ። ወንዶሰን የመንፈስ ድህነት ሲል የኖረው ይህን ነበር። በዓለም ላይ ሰው ሠርቶት የሚያውቀውን ታላቅ ሥራ ንገረኝ ቢሉት፣ ከዚህ ጊዜ ወዲያ የሚጠራው ይህቺን የወንበር መዝጋት ነው። ማንም ሳያየው፣ በበረሃ፣ ለማንም ሳይነገር።

«እማዬ ትስማ» አለች ሄራን ተነሥታ። «ያ ሁሉ ወሬኛ ይስማ። አንተ አይደለህማ!»

ወንዶሰንም ተነሣ። ይህን ቃል ከድንኳኑ መሐል ቆሞ ሊናገር ነፍሱ ቸኩላለች። እጁን በጨርቅ ሞዥቆ ወደ ፊት ለፊት ሲያመሩ የጭነት መኪና ጥሩምባ ከደጅ አስተጋባ።

የአብዱላሂ አይሱዙ ነበር። የኋላ መዝጊያው ሲወርድ የድንኳኑ ሰው ሁሉ ቀና አለ። የአሬሮ ሰዎች ይወርዳሉ፤ ወንዶች፣ ሴቶች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፤ መኪናው ሊይዝ ከሚችለው በላይ ሆነው ይወርዳሉ፣ አያልቁም። በእግር የተነሡ የሊበን ሰዎችም ከኋላ በኩል አቧራ ለብሰው ይገቡ ነበር። አልጮኹም። በትሮቻቸውን በአጥሩ አስደግፈው፣ አግዳሚውን ትተው ከመሬት ተቀመጡ፤ ግቢውም ሞላ፣ መንገዱም ሞላ። የከተማው ሰው ተነሥቶ ቦታ መልቀቅ እንዳለበት እንኳን ረስቶ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። ይህ ሁሉ ሰው ለአንድ ሞተር ነጂ?

ከፊት የመጡት ያ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ከበዛብሽ እግር ሥር በርከክ አሉ።

«ናጋ፣ ሰላም፣ ልጄ። ዋቃ ያጽናሽ። እኔ ጃርሶ ነኝ።»

«አባ ጃርሶ» አለች በዛብሽ፤ ነጠላዋ ውስጥ ሆና። «ስምዎን ሲጠራ ኖሯል። ይቀመጡ፤ ደክመዋል።»

ሽማግሌው ተቀመጡ። አማርኛቸው እየፈለጉ የሚያነሡት ድንጋይ ነው፤ ካነሡት በኋላ ግን ቦታውን አይስቱም።

«ዶክተራ እኛ ጋ ነበረ በዚያ ቀን» አሉ። «ጠዋት ሄደ። ድርቁ ላሞቼን ጨረሰብኝ፤ አንዲት ጊደር ቀረች፤ እሷን እሱ አዳነልኝ። ዝናብ መጣ፤ ወለደች። ከድርቁ ወዲህ በሰፈራችን የመጀመሪያ ቅቤ የእሷ ነው። የመጀመሪያ ቅቤ፣ ዳዳ፣ ለማን እሰጣለሁ? ግማሹን ለልጅ ልጄ ራስ፣ ግማሹን ለእሱ ሞተር። ድሮ ጠይቄዋለሁ፤ ‹ይኼ ብረት እንዴት ነው የሚኖር?› አልኩት። ‹እዚህ ጋ ይተነፍሳል፣ አባ› ብሎ አሳየኝ። የሚተነፍስበት ቦታ ነው የሚመረቅ። ሁልጊዜ እዚያ እቀባለሁ። በዚያ ቀን አብዝቼ ቀባሁ። እሱ ቆቡን አወለቀ፤ ‹አሜን› አለ።»

ሄራን የወንዶሰንን ክንድ ጨመቀችው። ጣቷ ሥጋው ውስጥ ገባ።

አባ ጃርሶ ዓይናቸው ሲዞር ወንዶሰን ላይ አረፈ። «ወንድሙ ነህ። አንድ ቀን ከኋላው መጥተሃል። ብረት የምታውቅ አንተ ነህ አሉኝ። ንገረኝ፤ ይኼ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ብረቱ ምን ሆነ? ምርቃቴ አልያዘም?»

ንፍሮ የሚቆረጥሙት ሁለቱ እንኳን መንጋጋቸውን አቆሙ። ወንዶሰን የሽማግሌውን ፊት አየ። ዕድሜ ልክ ወደ ጉድጓድ ጎንብሶ ውሃ ሲፈልግ የኖረ ፊት ነው። እውነቱ ከምላሱ ጫፍ ነበር፤ አንድ ቃል፣ ሁለት ፊደል። በዚያች ቃል እሱ ነፃ ይወጣል፤ እኒህ ሰው ግን ልጄ የሚሉትን በገዛ እጃቸው እንደ ገደሉ አውቀው ወደ አሬሮ ይመለሳሉ። ሄራን አፏን ልትከፍት ስትል ዞሮ አያት። ጥቂት ተያዩ። አፏ ተዘጋ።

«ምርቃትዎማ ይዟል፣ አባ» አለ ወንዶሰን። «እዚያ ግራር ድረስ ያደረሰው ምርቃትዎ ነው። ሞተሩ የጠፋው በኔ ነው። ሞላ ለውጬለት ነበር፤ አሮጌ ሞላ። እሷ ከቦታዋ ወጥታ ቾኩን ያዘችበት።»

ከወደ ጥግ አንድ ሰው «አላልኩህም?» ሲል ተሰማ። ከወንዶሰን ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሰዎች ያላሰቡበት በሚመስል ሁኔታ ፈቀቅ ፈቀቅ አሉ። በዛብሽ አልጮኸችም። ነጠላዋን እስከ አገጭዋ አወረደች፤ ከጨርቁ ሥር ትከሻዋ ብቻ ይነሣል፣ ይወድቃል።

አባ ጃርሶ ረጅም ተነፈሱ። «ወንድም ለወንድሙ ክፉ ሞላ አያስገባም» አሉ በመጨረሻ። «ዋቃ ነው የወሰደው። አንተም ተው፤ ራስህን አትብላ።» ፊታቸው ላይ የተቋጠረ ነገር ሲፈታ ወንዶሰን በዓይኑ አየ፤ የተመኘውም ይህንኑ ነበር። ከአጠገባቸው ላሉት የከተማ ሰዎች ስለ ጊደሯ መልክ፣ ስለ ግንባሯ ነጭ ነጥብ ያወጉ ጀመር።

የምሳ ሰዓት ሆነ። ጎረቤት ያመጣው እህል ተከፈተ። ሄራን ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይዛ ከአባ ጃርሶ ጀመረች፤ እንግዶቹን አዳረሰች፤ ወንዶሰን ብቻውን ከተቀመጠበት ስትደርስ ማንቆርቆሪያውን እንደ ያዘች ከፊቱ ቆመች።

ያን ጊዜ በዛብሽ ከፍራሽዋ ተነሣች። ሐዘንተኛ ተነሥቶ ሰው አያስታጥብም። ሴቶቹ ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ፤ በመካከላቸው አልፋ መጥታ ማንቆርቆሪያውን ከልጇ ተቀበለች። ፊቱ ላይ ልትደፋበት ነው ብሎ ያላሰበ ሰው አልነበረም። ወንዶሰንም አስቦታል፤ ፊቱን አልሸሸገም።

እሷ ግን በእጆቹ ላይ አንቆረቆረችው። ፀሐይ ያሞቀው ውሃ ነው። የዘይቱ ጥቁረት ከጣቶቹ እየተፈታ ወረደ፤ ቀይ አቧራውም ተከትሎት ወረደ። ቀጥሎም በማስታጠቢያው ውሃ ላይ ትናንሽ ቢጫ ጠብታዎች አንድ በአንድ ብቅ እያሉ መንሳፈፍ ጀመሩ፤ ክብ ክብ፣ ብሩህ፣ እርስ በርስ እየተፈላለጉ።

በዛብሽ ማንቆርቆሪያውን አቃናች። ውሃውን አየች። ወደ አባ ጃርሶ ዞረች፤ ሽማግሌው ስለ ጊደሯ ያወጋሉ። ከዚያ ነጠላዋን ከዓይኗ ከፍ አድርጋ የባሏን ወንድም ፊት ተመለከተች፤ ብዙ ተመለከተችው። ወንዶሰን ራሱን ለእሷ ብቻ በሚታይ መጠን፣ በጣም በትንሹ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀላት።

ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አኖረች። ከፊቱ በርከክ ብላ እጆቹን ተቀበለችና፣ የጥቁር ነጠላዋን ጫፍ ስባ፣ ጣት ከጣት እየለየች ታደርቃቸው ጀመር።